ዘመነ ደሰያትና ነሐሴ 16 ቀን በጣና ዳር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ትናንት ማታ የጀመረው ዝናም ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ፤ ለቅዳሴ በተደወለ ጊዜ እንኳ ገና አላባራም ነበር። ጎሕ ሲቀድ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድ ብለን ብንመለከት፤ በበጋ ሰማይ መስሎ የምናውቀው ጣና እንደ ጠላ አተላ ደፍርሶ አገኘነው። ግልገል ዓባይ ከሰከላና ከሜጫ፤ ጉማራና ርብም ከፋርጣና ከፎገራ ያጠቡትን አፈር ተሸክመው ስለሚገቡበት ነው። ከጉሙ መካከል ክብራንና እንጦስ አንድ ጊዜ እንደ ጥላ ብቅ ብለው፤ ተመልሰው ጠፉ።

የደብረ ታቦርን በዓል ካከበርን ዛሬ ሦስተኛ ቀን ነው። ቡሔ ካለፈ ክረምት የለም የሚሉ ሰዎች አሉ። እንዲህ የሚል ሰው ግን በነሐሴ አጋማሽ ጣናን በታንኳ ተሻግሮ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ክረምትን በአንድ ስም ብቻ አትጠራውም። ከሰኔ 26 እስከ ሐምሌ 18 ቀን ያለውን የዘርና የደመና ወቅት ትለዋለች፤ ከዚያ እስከ ነሐሴ 9 ቀን የመብረቅ፣ የነጐድጓድ፣ የባሕርና የአፍላግ ወቅት ነው፤ ከነሐሴ 10 እስከ 27 ቀን ያለውን ደግሞ ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዐይነ ኵሉ ብላ ሰይማዋለች። ይኸውም የቍራ ጫጩቶች፣ ደሴቶች፣ የሁሉ ዐይን ማለት ነው። የቍራ ጫጩት ምግቡን ከፈጣሪው እንደሚለምን ዳዊት ነግሮናል። የሁሉ ዐይን መባሉም ጎተራው የተራቈተበት፤ አዲሱም እሸት ያልደረሰበት ወራት ስለሆነ፤ የፍጥረት ሁሉ ዐይን ወደ እግዚአብሔር የሚያንጋጥጥበት ጊዜ ነውና ነው። ደሴቶች የሚለውን ስም ግን በትምህርት ቤት ሳለን አንብበን አልፈነው ነበር፤ ምሥጢሩ የገባን በጣና ላይ ነው።

በተማሪነታችን ዘመን በጾመ ፍልሰታ፤ ለሱባኤ ከደቅ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ልንሻገር ከአንድ ጓደኛችን ጋር በደንገል ታንኳ ተሳፈርን። መንገዱ አጭር ነበረ። ነገር ግን ከመካከል ስንደርስ ነፋስ ተነሣ፤ ማዕበሉም በታንኳው ላይ ይገባ ጀመር። ቀዛፊው ሽማግሌ ፊታችንን ተመልክተው፤ «ልጆቼ፤ ደንገል ውሃ ይጠጣል እንጂ አይሰጥምም፤ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ» አሉን። ዝም ብለን ተቀመጥን፤ ውዳሴ ማርያሙን እንኳ በልባችን ነው የደገምነው። ወደቡ ላይ ስንወርድ የለበስነው ሁሉ ርሶ፤ የያዝነው በሶ ሊጥ ሆኖ ነበር። ከዚያም ዝናሙ ለሦስት ቀን ስላልተወ ማንም ወደ ደሴቲቱ አልመጣም፤ ከደሴቲቱም የወጣ አልነበረም። ደሰያት ማለት ይህ ነው፤ ከዓለም ተቈርጦ እግዚአብሔርን ብቻ እየጠበቁ መቈየት።

ወደ ዳጋ እናቶችና እኅቶች በገዳሙ ሥርዐት አይገቡምና፤ ያየነውን እንነግራቸው ዘንድ ይገባል። ዳጋ ከውሃው እንደ ጕልላት ቀጥ ብላ የወጣች፤ ዛፍ የለበሰች ኰረብታ ናት። ገዳሙን በ13ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት አቡነ ኂሩተ አምላክ ናቸው። በዕቃ ቤቱ የነገሥታት ዐፅም ያረፈበት ሣጥን አለ፤ ከነዚያም መካከል የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ ይገኛሉ። በዚያው ገዳም በእንጨት ገበታ ላይ የተሣለች የእመቤታችን ሥዕል አለች፤ የሣላትም ፍሬ ጽዮን የተባለ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሰው ነው። የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ስማቸውን መተው ልማዳቸው ነበረና፤ የዚህ ሰው ስም እስከ ዛሬ መታወቁ ያስደንቀናል።

ዛሬ ነሐሴ 16 ቀን የእመቤታችን የዕርገቷ በዓል ነው። ሐዋርያው ቶማስ በደመና ተጭኖ ሲመጣ እርሷ ስታርግ አግኝቷት፤ የተገነዘችበትን ሰበን ሰጥታው፤ ሐዋርያትም ቶማስ ያየውን እናይ ዘንድ ብለው በዓመቱ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምረው ሱባኤ እንደ ገቡ ታውቃላችሁ። በዚሁም ቀን የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ የፍልሰተ ዐፅሙ መታሰቢያ ስለሆነ፤ በታቦቱ ጥላ ሥር ለምንኖር ለባሕር ዳር ሰዎች በዓሉ እጥፍ ነው። ይህን ቀን ስናከብር ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡትን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን አለማንሣት አይቻልም፤ የእመቤታችን በዓላት በዓመቱ ውስጥ 33 ሆነው እንዲከበሩ፤ ተአምሯም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ያዘዙ እርሳቸው ናቸውና። ቍጣቸውም የበረታ ነበር። ጣዖት አመለኩ ተብለው የተከሰሱ የገዛ ልጆቻቸውን ስንኳ ያልማሩ መሆናቸውን የራሳቸው ዜና መዋዕል አይሸሽግም፤ እኛም አንሸሽግም። ንጉሡ ያረፉት ግን በስሟ በዓል ባበዙላት በእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ነው። ይህን ስናስብ ለፍርድ አንቸኵልም።

ስለ ምን ነገሥታቱ የሚወዱትን ሁሉ ወደ ውሃ መካከል ወሰዱ? መልሱ ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን ይታያል። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመነ መንግሥት የኢማም አሕመድ ጦር ከምሥራቅ ተነሥቶ አገሩን ባቃጠለ ጊዜ፤ በየብስ የነበሩት ታላላቅ አድባራት ከነመጻሕፍታቸው ዐመድ ሆኑ። ንጉሡም በስደት ሳሉ ዐረፉ። ጦርነቱ የተፈጸመው በ1535 ዓ.ም. ልጃቸው ዐፄ ገላውዴዎስ በወይና ደጋ ድል ሲያደርጉ ነው። በዚያ ሁሉ እሳት መካከል ከተረፉት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ የተረፉት ውሃ ስለ ከበባቸው ነው። በክብራን ገብርኤል ያለው ጥንታዊው ሥዕለ ወንጌል ጦርነቱ ከመነሣቱ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ የተጻፈ ነው። ፈረስ በሐይቅ ላይ አይጋልብምና።

ዳግመኛም ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራ ተቀምጠው የሮማን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ ስለ ተዋሕዶ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1624 ዓ.ም. የአባቶችን ሃይማኖት የመለሱት ዐፄ ፋሲለደስ ናቸው። ጎንደርን የሚያህል ከተማ የቈረቈሩ ንጉሥ በዳጋ ማረፋቸው በአጋጣሚ አይመስለንም። እቴጌ ምንትዋብም በደቅ ላይ ናርጋ ሥላሴን አሠርተው፤ በግድግዳው ላይ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕል እስከ ዛሬ አለ።

ምእመናን ሆይ፤ ይህን የምንናገረው የቀደመውን አውርተን ደስ ለመሰኘት ብቻ አይደለም። በዚያ በልጅነታችን ሱባኤ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አባት ዝናሙ ባባራበት ሰዓት መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እያወጡ ሲያናፍሱ አየን። አንዱን ገልጠው ብራናው ከርጥበት የተነሣ ያበጠበትን አሳዩን፤ «ግራኝን አምልጦ ለሻጋታ ሊሆን ነው» አሉ። ሲናገሩም አላዘኑም፤ ተቈጡ እንጂ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሐመርሽሚት የተባለ በጀርመን አገር የሚያስተምር ሊቅ የጣናን ገዳማት መጻሕፍት በፊልም ማንሣቱ በጎ ሥራ ነበረ፤ ፎቶግራፍ ግን ብራና አይሆንም። ከርጥበቱ የከፋ ደግሞ አለ፤ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የወጣ መጽሐፍ በገበያ ሲዞር በዐይናችን አይተናል። ያወጣው ሰው ክርስቲያን ነበረ፤ ታንኳም አላስፈለገውም።

ውሃውም ራሱ ጠባቂ የሚሻበት ዘመን ላይ ደርሰናል። በጨረጨራ ከተሠራው መቈጣጠሪያ በኋላ፤ በ1995 ዓ.ም. ዝናሙ አንሶ ሐይቁ እጅግ ስለ ጐደለ፤ ጀልባዎች እንደ ልባቸው መሄድ አልቻሉም ነበር። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም በደንቢያና በፎገራ በኩል ገብቶ፤ ዓሣው የሚፈለፈልበትን ዳርቻና የታንኳውን መንገድ ይዘጋል። አበባው ያማረ ነው፤ እንዲያውም ለጌጥ ብሎ ወደ ቤቱ የወሰደው ሰው አይተናል! በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን ከዓለም የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል፤ ይሁን እንጂ መዝገብ አረም አይነቅልም። የዘጌ ሰዎች ከጥንት የወረሱት ሥርዐት አላቸው፤ ይኸውም በዘጌ ምድር በሬ ጠምዶ አለማረስ ነው። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ተክለው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እንደ በቀለላቸው ያምናሉና፤ ያንን ስጦታ በማረሻ አይነኩትም። ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው፤ በዚህ ደግሞም ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም በጥላው ሥር ያሉት፤ በዚህ ቃል ኪዳን ነው።

ዛሬ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጥቂቶቹ ወደ እኛ መጡ። በዓሉ ካለፈ በኋላ እምቦጭ ሊነቅሉ ወደ ፎገራ ዳርቻ ይሄዳሉና፤ ጸሎት እንድናደርግላቸው ለመኑን። አረሙ በእጅ ሲነቀል ክብደቱ ወገብ ይሰብራል፤ ከነሥሩ ወደ የብስ ካልወጣም ተመልሶ ይበቅላል። ጫማና ጓንት የላቸውም። ያላችሁ ለአጥቢያችሁ ሰበካ ጉባኤ አስረክቡላቸው፤ ጕልበት ያላችሁም ተከተሏቸው። የብራና መጽሐፍ በእጁ ያለ ሰው ቢኖርም፤ ከየት እንደ መጣ ሳንጠይቀው ወደ ገዳሙ የሚመልስለት ካህን እንደማያጣ እንነግረዋለን።

አሁን ዝናሙ አባርቷል። ክብራንም ከነዛፎቿ ወጥታ ትታያለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።