ሦስት ቆጠራ በአንድ ግራፍ፤ የአሰበ ተፈሪ (ጭሮ) ስምና ዘመን

ግራፍ አኃዝን በመስመር የሚናገር ጽሑፍ ነው። መስመሩ የሚታመነው ግን ከግርጌውና ከጎኑ የሰፈረው መግለጫ ትክክል ሲሆን ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1786 የእንግሊዝን የገቢና የወጪ ንግድ በሁለት መስመሮች እያነጻጸረ ሲያሳትም፣ ዓመታቱን ከግርጌ፣ የገንዘቡን መጠን በቀኝ ጠርዝ፣ የየመስመሩን ስም ደግሞ በመስመሩ አጠገብ ጽፎ ነበር። ይህ ጥንቃቄ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ታሪክ በቂ ምስክር ነው።

በሀገራችን ሦስት የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች ተካሂደዋል፤ የመጀመሪያው ግንቦት 1 ቀን 1976፣ ሁለተኛው ጥቅምት 1 ቀን 1987፣ ሦስተኛው በአብዛኛው ክልል ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። ሂርና፣ በዴሳ፣ ገለምሶና ሚኤሶ በመጀመሪያው ቆጠራ ጊዜ በሐረርጌ ክፍለ ሀገር ሥር ነበሩ፤ በኋለኞቹ ጊዜ ግን በኦሮሚያ ክልል የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ከተሞች ሆነዋል። ዋና ከተማቸውም አሰበ ተፈሪ ተብላ ትጻፍ የነበረችው ጭሮ ናት። ሰንጠረዦችን በስም ብቻ የሚያዛምድ ሰው አንዲቱን ከተማ ሁለት ያደርጋታል፤ መስመሯም መካከል ላይ ይበጠሳል። ስለዚህ በግራፉ ላይ ሁለቱም ስሞች በአንድነት መጻፍ አለባቸው።

ከስሙ ይልቅ የሚከብደው ግን የዘመኑ ጉዳይ ነው። ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲጻፉ በቆጠራዎቹ መካከል 11ና 12 ዓመት ይታያል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1984፣ 1994ና 2007 ተብለው ሲጻፉ ግን 10ና 13 ይሆናል። የሁለቱም ድምር 23 ስለሆነ ስሕተቱ በቀላሉ አይታወቅም። ምክንያቱ በግንቦት የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት 8፣ በጥቅምት ግን 7 መሆኑ ነው። እውነተኛው ርቀት 10 ዓመት ከ5 ወር፣ ቀጥሎም 12 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ነው። ለምሳሌ ያህል አንዲት ከተማ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቆጠራዎች መካከል 5,000 ሰው ጨመረች ቢባል፣ ዓመታዊው ጭማሪ በአንዱ ስሌት 455፣ በሌላው 500፣ በእውነተኛው 480 ያህል ይሆናል። የውኃ መሥመርና ትምህርት ቤት የሚታቀደው በዚህ አኃዝ ነውና ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ዛሬ ግራፉን የሚሥለው ኮምፒዩተር ነው። ጆን ሃንተር የደረሰውና እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ የቀረበው ማትፕሎትሊብ የተባለው የፓይተን ቋንቋ መሣሪያ፣ በአግድሙ መስመር ላይ የሚቀመጠውን ምልክት ሥፍራና በምልክቱ ሥር የሚጻፈውን ቃል ለየብቻ ይቀበላል። ዓመታቱ እንደ ቃል ከተሰጡት ግን ሦስቱን ቆጠራዎች በእኩል ርቀት ይደረድራቸዋል። ስለዚህ አስቀድሞ የቆጠራው ቀን ወደ ተከታታይ የቀን ቁጥር ተለውጦ ነጥቡ በእውነተኛ ሥፍራው መቀመጥ ይገባዋል፤ ከዚያም በኋላ የኢትዮጵያው ቀን ከግርጌ፣ የአውሮፓው ከራስጌ ይጻፋል። ሥፍራውን የሚወስነው ጊዜው ራሱ ነው፤ ጽሑፉ ግን ለአንባቢው ቋንቋና ልማድ የሚታዘዝ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ የሚይዝ ባለሙያ የጭሮን ዕድገት ሳያጋንንም ሳያሳንስም ያሳያል።