ድንጋይ ያላቆየልን ከተማ

የታሪክ ትምህርት ስንጀምር የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ ውቅር፣ የጎንደር ግንብ ተቆጠረልን። እኛ ከቢታ ገነትና ከዙሪያዋ የመጣነው ጥቂቶች በልባችን ወደ ቦንጋ ዞርን። ምን እንቁጠር? አንድ ጓደኛችን ሳቅ ብሎ፣ «እናንተ እኮ ቡና እንጂ ታሪክ የላችሁም» አለን። ነገሩ አናደደን፤ ይበልጥ ያናደደን ግን መልስ ማጣታችን ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም እሱ ነው።

ቦንጋ በባርታ ሸለቆ ራስጌ፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጅማ የሚመጣ ሰው የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ነው የሚደርስባት። እስከ 1897 ድረስ (ዘመኖቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) የከፋ መንግሥት ገበያና መናገሻ ነበረች፤ ሌላው መናገሻ አንድራቻም ከዚያው ብዙ አይርቅም። ንጉሡ «ታቶ» ይባላል፤ አጠገቡም «ሚክረቾ» የሚባለው የሰባት አማካሪዎች ሸንጎ ነበረ። የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ ቡናው በዚህ ያልፍ ነበር። ባሪያም ተሸጧል። ይህንን ደብቀን ስለ ከፋ ክብር ብናወራ ውሸታሞች ነን።

መንግሥቱ ራሱን በድንጋይ ግንብ አላጠረም። በሰሜን በኩል ጎጀብ አለለት፤ ሌላውን ጫካው ይጠብቀዋል፤ ወንዝና ጫካ በማይረዱበት ሰው በእጁ የቆፈረው ጥልቅ ጉድባ ነበረ። በጉድባው ላይ በር፣ በበሩ ላይ ዘበኛ። የውጭ ነጋዴ እንዳሻው ወደ ውስጥ አይዘልቅም ነበር። እስቲ አስቡት፤ ያንን ሁሉ አፈር ማን ቆፈረው? በስንት ዓመት? ግንብ የሠራ ሲወደስ ጉድባ የቆፈረው ስም የለውም። የታቶው ቤትም ቢሆን የእንጨትና የሣር ሥራ ነው፤ እንጨት ይበሰብሳል፣ እሳት ይበላዋል፣ ጉድባም አፈር ይሞላዋል። እኛ ታዲያ ጎንደርን በለመደ ዓይን ድንጋይ ስንፈልግ፣ በልጅነታችን ዘለን የምንሻገረውን ገደል መሳይ ነገር ታሪክ ነው ብለን አላየነውም።

በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በአፄ ምኒልክ ትእዛዝ ዘመቱ። የከፋ ሠራዊት ጠብመንጃው ጥቂት ነበር፤ ቢሆንም ነገሩ በቀላሉ አላለቀም፤ ለወራት ተዋጉ። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ጫካ ለጫካ ሲሸሹ ቆይተው ተያዙ። እንደሚተረከው፣ ምርኮኛ ሆነው ጎጀብን ሲሻገሩ የንግሥና ቀለበታቸውን አውልቀው ወንዙ ውስጥ ወረወሩት። እውነት ይሁን ተረት አንከራከርም፤ ሰው እስከ ዛሬ የሚያወራው ግን ቀለበቱን ነው። ንጉሡ በ1919 ሞቱ፤ አገራቸውን ዳግመኛ አልገዙም።

ዘውዱስ? እሱ ደግሞ ሩቅ ሄደ። የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ወደ ዙሪክ ወሰደው። በ1954 ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ የገባው ቦንጋ ሳይሆን አዲስ አበባ ነው። በዚህ ላይ እኛው እርስ በርሳችን አልተስማማንም፤ ገሚሶቻችን «ለሁሉም የሚታይበት ይቀመጥ» ስንል፣ ገሚሶቻችን ደግሞ «የቦንጋ ልጅ የአያቱን ዘውድ ለማየት ለምን አዲስ አበባ ድረስ ይሂድ?» አልን። ክርክሩ አላለቀም።

ዩኔስኮ በ2010 የከፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧል። ደስ ይላል። ጫካው ሲጠበቅ ግን ስለ ቡናው፣ ስለ ዛፉ፣ ስለ ወፉ ይወራል፤ ያው ጫካ የአንድ መንግሥት አጥር እንደነበረ የሚያነሣ እምብዛም የለም። ጉድባውማ በየማሳው ዳር ያለ ተቆርቋሪ ይደፈናል፤ ገበሬውን አንወቅስም፣ ማን ነገረውና?

በሚቀጥለው ዕረፍት ገመድና ደብተር ይዘን፣ ሽማግሌዎች የሚያሳዩንን ያህል ጉድባ ልንለካ አስበናል። ያ ጓደኛችንም «ልምጣ» ብሏል። ጭቃውን ስለማያውቅ ቦት ጫማ ግዛ ብለነዋል።