የአጋትስተን ነጥብ

የልብን ጡንቻ በሚመግቡ የደም ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ የተጠራቀመን ካልሲየም በሲቲ ስካን የሚለካ ቁጥር ነው። ስያሜው ስሌቱን ከባልደረቦቹ ጋር በ1990 እ.ኤ.አ. ካሳተመው አሜሪካዊ የልብ ሐኪም አርተር አጋትስተን የመጣ ነው። ምርመራው በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያ አይፈልግም፤ ታካሚው ለጥቂት ሰከንዶች ትንፋሹን ይይዛል፣ መሣሪያውም ከልብ ምት ጋር ተቀናጅቶ ምስል ያነሳል። ከ130 ሃውንስፊልድ (የሲቲ ስካን የድምቀት መለኪያ) ጀምሮ የሚደምቀው የእያንዳንዱ ነጭ ነጠብጣብ ስፋት፣ እንደ ድምቀቱ ከ1 እስከ 4 በሚሰጠው ደረጃ ተባዝቶ ይደመራል። 0 ካልሲየም አልታየም ማለት ሲሆን ከ400 በላይ ከባድ ክምችት ይባላል። እጅግ የሚጠቅመው ሕመም ሳይሰማው ስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒት ይጀምር እንደሆነ ለሚያመነታ ሰው ነው። የቧንቧውን ጥበት ግን አይለካም፤ ካልሲየም የሌለው ለስላሳ የስብ ክምችትም ያመልጠዋል። ደረቱን የሚያመው ሰው ውጤቱ 0 ቢሆንም እንኳ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ መዘናጋት የለበትም።