ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ፦ የግብዣ ልብስ በታሪካችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ብሂል የማያውቅ የለም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መዋብን ለማበረታታት ነው። ልብ ብሎ ለሰማው ግን ብሂሉ ከቀሚሱ ይልቅ ስለ ቀኑ ይናገራል። ቀሚሱ ክብር የሚያገኘው ከሚለበስበት በዓል ነው፤ ታቦት በሚወጣበት ዕለት ሣጥን ውስጥ የቀረ ልብስ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሥራውን አልሠራም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ስለ ግብዣ ልብስ የነበራቸው አስተሳሰብ በአብዛኛው በዚህች አጭር ብሂል ውስጥ አለ።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁ የመሰነባበቻ ዝግጅት ማድረግ በሀገራችን የተለመደ ሆኗል። «ከለር ዴይ»፣ «ካልቸር ዴይ» የሚሉ ስሞች ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወርደዋል፤ በመጨረሻም ሱፍና ረጅም ቀሚስ የሚለበስበት ምሽት ይመጣል። ከዕለት ልብስ ከፍ ያለ፣ ከሙሽራ ልብስ ዝቅ ያለ ነገር ይፈለጋል። በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከየገጠር ቀበሌው መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከእናቱ ቤት እየተሸከመ ለሚማር ልጅ «ምን ልልበስ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። (ዝግጅቱ በጾመ ሐዋርያት ላይ ሲውል የሚነሣው ጥያቄ ራሱን የቻለ ነው፤ ለሌላ ጊዜ እናቆየው።)

ከቃሉ እንጀምር። «ሰርግ» የምንለው ቃል ከግእዙ «ሰርጐ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ትርጉሙም ጌጥ ማለት ነው። እመቤታችንን በድንግልና ያጌጠች ለማለት «ሥርጉት» ስንላት ይህንኑ ሥር እንጠቀማለን። እንግዲህ በቋንቋችን ውስጥ ግብዣና መጌጥ ከመነሻቸው አልተለያዩም። ለክብር ቀን ማጌጥ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው የሚል ካለ ቃሉ ራሱ ይመልስለታል።

ነገር ግን አለባበሱ ቋንቋ ነበረው። አንድ ነጠላ፣ ያው ነጠላ፣ እንደ አጣጣሉ የተለያየ ነገር ይናገራል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ መስቀለኛ ይጣላል። ሐዘን ሲሆን ጥለቱ ከታች ወደ ላይ ይዞራል። በትልቅ ሰው ፊት ወይም በአገልግሎት ላይ ያለ ሰው ያደገድጋል፤ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያስራል። ሳይመን መሲንግ የተባለ የውጭ ሀገር ተመራማሪ በጎንደር አካባቢ ቆይቶ ካጠና በኋላ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ስለዚሁ አንድ ሙሉ ጽሑፍ አሳትሟል፤ ሸማ ያለ ድምፅ የሚናገር ቋንቋ መሆኑን ነው ያስረዳው። ለእኛ እናቶች ይህ አዲስ ዜና አልነበረም። አንዲት እናት መንገድ ላይ የምታልፈውን ሴት ጥለት አይታ ሐዘንተኛ መሆኗን ታውቃለች፤ ሳትጠይቅ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ትላለች።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ትልቅ ነገር አለ። የዱሮው ሰው «ምን ልልበስ?» ከማለቱ በፊት «በማን ፊት ነው የምቆመው?» ይል ነበር። በመቅደስ ነው? በለቅሶ ቤት ነው? በዳኛ ፊት ነው? በሙሽራ ፊት ነው? ልብሱ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ድሃ የነበረውም አንዲቱን ሸማ ለሁሉም ያውላት ነበር። የሚለወጠው አጣጣሉ ነው። ይህን ሁሉ ግን አሞግሶ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ያው ሥርዓት ድሃውንና ሀብታሙን ለመለየትም አገልግሏል፤ የሐር ቀሚስና ካባ ከንጉሥ የሚሰጡ የማዕረግ ሽልማቶች ነበሩ፤ ሹሙ ተሸፋፍኖ ሲቀመጥ አገልጋዩ ትከሻውን ገልጦ ይቆም ነበር።

የውጭው ዓለም ግብዣ ልብስ ከእኛ ጋር የተገናኘበት አንድ የታወቀ ጊዜ 1916 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ዋና ከተሞች ሲጓዙ ከተከተሏቸው መኳንንት አንዱ የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በዚያ ዘመን የተነሡት ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ፤ ነጭ ሱሪ፣ ካባና ሰፊ ባርኔጣ ይታያል። ካባው የሀገር ቤት ነው፤ ባርኔጣው ከውጭ የመጣ ነው። ራስ ኃይሉም የዘመኑን አዲስ ዕቃ የሚወዱ ሰው እንደነበሩ የታወቀ ነው። ማለትም ባህላዊና ዘመናዊ ብለን ዛሬ በሁለት ጎራ የምንከፍለውን ነገር እነዚያ ሰዎች በአንድ ገላ ላይ ያለ ጭንቀት ይለብሱት ነበር።

ጭንቀቱ የመጣው በኋላ ነው፤ ሲመጣም በወጣቶች መካከል ነው። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በስድስት ኪሎ ግቢ፣ የልብስ ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ዘመኑ አጭር ቀሚስ ከአውሮፓ ወደ አዲስ አበባ የገባበት ነው። ተቃዋሚ ተማሪዎች ትርኢቱን የባዕድ ባህል ወረራ ነው ብለው ወጡ፤ በእንግዶቹ ላይ እንቁላል ተወረወረ፤ ስድብና ግፊያ ሆነ፤ ፖሊስ ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ስለ ልብስ በተነሣ ጠብ የሀገሪቱ ከፍተኛ የትምህርት ተቋም ደጁን ዘጋ ማለት ነው።

በእርግጥ ከልብሱ ጀርባ ፖለቲካ ነበር፤ የተማሪው ንቅናቄ ከመንግሥት ጋር ሲታገል የቆየበት ጊዜ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ሳይታዘቡ ማለፍ አይቻልም። የባዕድ ልብስ ይውደም ብለው የተሰለፉት ወንዶች ራሳቸው የለበሱት ኮትና ሱሪ ነበር። ሰልፉ የወጣው በሴቶቹ ቀሚስ ላይ እንጂ በወንዶቹ ሱሪ ላይ አልነበረም። ይህ ልማድ በዚያ ግቢ ብቻ አልቀረም፤ እስከ ዛሬ በየዐውደ ምሕረቱ ስለ አለባበስ ሲነገር ወንዶቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው የሚሰሙት ለምን እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ተማሪው ሁሉ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ካኪ ለብሶ ወደ ገጠር ወረደ። ወንድና ሴት አንድ ዓይነት ልብስ ለበሱ፤ ክርክሩም ለጊዜው ተዳፈነ እንጂ አልተፈታም።

ወደ አካባቢያችን እንመለስ። የጎጃም ገበሬ አረንጓዴ ቁምጣና በላዩ የሚደርበው ጋቢ የማይታወቅበት የለም፤ ጫፉ በስፌት መኪና፣ በልዩ ልዩ ቀለም ክር ይጠለፋል። ለአንድ የገጠር ጎረምሳ ይህ የሥራ ልብስ ብቻ አይደለም፤ አዲሱን ቁምጣ ለጥምቀት ይለብሰዋል፣ ለሰርግ ይለብሰዋል። ይኸው ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከተማ ሲገባ ግን «ገጠሬ» እንዳይባል መጀመሪያ የሚያወልቀው ቁምጣውን ነው። አራት ዓመት ተምሮ ሲጨርስ ደግሞ «ካልቸር ዴይ» ይመጣና ያንኑ ቁምጣ የከተማ ልጆች ተከራይተው ይለብሱታል፤ ፎቶግራፍ ይነሡበታል፤ በማግስቱ ይመልሱታል። በሰኞ ያሳፈረው ልብስ በዓርብ ያስጨበጭባል። ልጁ በልቡ ምን ይል ይሆን?

ወንዶቹን ካነሣን ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን እንስማ። በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአንጾኪያ ቄስ ሳለ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ በ49ኛው ድርሳኑ፣ በሐር ክር ያጌጠ ጫማ የሚያደርጉ ወጣት ወንዶችን ይገሥጻል። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ እንዳይነካባቸው በጣታቸው እየረገጡ በአደባባይ ሲያልፉ ይሣሉብናል። እንዲህ ከተሳሳችሁለት ለምን አንገታችሁ ላይ አታንጠለጥሉትም፣ ለምን ራሳችሁ ላይ አትጭኑትም ይላቸዋል። ሕዝቡ ሳይስቅ አይቀርም። ቅዱሱ ግን ሳቁን አልፈለገም፤ ጫማ የተሠራው ጭቃ እንዲረግጥ ሆኖ ሳለ ሰው ለጫማው አገልጋይ መሆኑ፣ ለጫማው የወጣውም ገንዘብ የተራበውን አለማጉረሱ ነው ያስቆጣው። የሐምሌን የጅጋ ጭቃ የሚያውቅ፣ በብድር የተገዛ ነጭ ስኒከር ያደረገ ልጅ ይህን ድርሳን ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ (1ኛ ጢሞ. 2፥9) ከዘረዘራቸው ነገሮች መካከል ወርቅ፣ ዕንቁና ዋጋው ውድ የሆነ ልብስ ይገኛሉ። ጥቅሱን የምናነሣው ብዙ ጊዜ ስለ ቀሚስ ርዝመት ስንከራከር ነው፤ ዝርዝሩ ግን በአብዛኛው ስለ ዋጋ ነው። ቅዱስ ያዕቆብ ደግሞ (ያዕ. 2፥2-4) የወርቅ ቀለበት ያደረገው በክብር ቦታ ሲቀመጥ፣ ያደፈ ልብስ የለበሰው ድሃ ቁም የሚባልበትን ጉባኤ ይወቅሳል። ራቁትነትን የሚሸፍን፣ ለዕድሜ የሚስማማ ልብስ መልበስ እንደሚገባ አከራካሪ አይደለም። ነገር ግን ከመጠን ያለፈ ወጪም ከሥነ ሥርዓት መጓደል ይቆጠራል፤ ይህኛውን የምናስተምረው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ለመሰነባበቻው ምሽት የሚጠይቀን ወጣት ካለ መልሳችን ከዚህ ታሪክ የሚወጣ ነው። ንጹሕ ሱሪና የተተኮሰ ሸሚዝ ይበቃዋል፤ ኮት ካለው ይደርብበት። እርሷም ጥለት ያለው የሀገር ልብስ፣ ወይም ተቀምጣ ተነሥታ፣ ከጓደኞቿ ጋር እስክስታ መትታ የማያሳቅቃት ቀሚስ ትልበስ። ቁምጣውን የሚወድ ቁምጣውን ይልበስ፤ በ«ካልቸር ዴይ» ብቻ ሳይሆን በዚያም ምሽት። ለዚህ ሲባል እህል የሚሸጥ አባት፣ ዶሮዎቿን ገበያ የምታወጣ እናት እንዳይኖሩ ነው ጭንቀታችን፤ ከዚያም የባሰ፣ የሚለብሰው አጥቶ አመመኝ ብሎ ከጓደኞቹ የሚቀር ልጅ እንዳይኖር።

በብዙ ሰንበት ትምህርት ቤቶች የመዝሙር ልብስ የማኅበሩ ነው። በዓል ሲደርስ ከሣጥን ይወጣል፤ የነጋዴው ልጅም የገበሬው ልጅም በቁመቱ ልክ ይለብሰዋል፤ በዓሉ ሲያልፍ ታጥቦ፣ ታጥፎ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ከልብሱ የሚያውቅ የለም። በዚያው ሣጥን አጠገብ፣ የሚበቃቸው ወንድሞችና እህቶች ያዋጡት፣ ደህና ኮቶችና ቀሚሶች የሚቀመጡበት ሌላ ሣጥን ለማኖር የሚጠይቀው አንድ ቁልፍና ኃላፊነት የሚወስድ አንድ ሰው ነው። ሰኔ ሳይገባ መጀመር ይቻላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።