ለደካማ መስመር ጽኑ በር፤ የቤት ውስጥ ቪፒኤን አጭር ታሪክ

ከቤቱ ሆኖ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ የሚያከናውን ባለሙያ ከሁሉ አብልጦ የሚያማርረው የኢንተርኔቱን መስመር መቀርፈፍ ሳይሆን መቆራረጡን ነው፡፡ መስመሩ ለጥቂት ሰኮንድ ሲጠፋ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የነበረው ግንኙነት ይፈርሳል፤ የተጀመረውም ሥራ እንደገና ይጀመራል፡፡ ይህ ችግር በአንድ ጊዜ መፍትሔ አላገኘም፡፡ በትላልቅ ድርጅቶች ብቻ ይገኝ የነበረው የመተላለፊያ በር በመዳፍ በሚያዝ ኮምፒዩተር ላይ ተደላድሎ እስኪሠራ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ወስዷል፡፡

ቀድሞ አንድ ድርጅት ቅርንጫፎቹን ለማገናኘት የብቻው የሆነ መስመር በውድ ዋጋ ይከራይ ነበር፡፡ ኢንተርኔት ከተስፋፋ ወዲህ ግን በሕዝብ መረብ ውስጥ የተመሰጠረ መሿለኪያ በመዘርጋት ይህን ወጪ ማስቀረት እንደሚቻል ታወቀ፡፡ ቪፒኤን ማለትም ይኸው ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1995 የአይፒሴክ የመጀመሪያዎቹ ደንቦች ታተሙ፤ በ1996 ማይክሮሶፍትና ተባባሪዎቹ ፒፒቲፒ የተባለውን ዘዴ አቀረቡ፡፡ የፊተኛው ጠንካራ ቢሆንም ለማደራጀት አስቸጋሪ ነበር፡፡ የኋለኛው ለአጠቃቀም ቀላል ሲሆን፣ በ1998 ብሩስ ሽናየርና ማጅ የተባሉት ባለሙያዎች የማይክሮሶፍት አሠራር ከባድ የጸጥታ ጉድለት እንዳለበት አሳዩ፡፡ እንግዲህ ተጠቃሚው ከቀላልነትና ከአስተማማኝነት አንዱን ለመምረጥ ተገደደ፡፡

እ.ኤ.አ. በ2001 ጄምስ ዮናን ኦፕንቪፒኤንን ለሕዝብ አወጡ፡፡ ለዚህ ያነሣሣቸው በማዕከላዊ እስያ ሲዘዋወሩ በማያምኗቸው መስመሮች በኩል ከሥራቸው ጋር መገናኘት ስለ ነበረባቸው ነው፡፡ ለደካማ መስመር በተለይ የጠቀመው መሿለኪያውን በዩዲፒ ላይ መዘርጋት መቻሉ ነው፡፡ የቲሲፒ ግንኙነት በሌላ ቲሲፒ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ፣ ፓኬት በጠፋ ቁጥር ሁለቱም በየፊናቸው ደግመው ለመላክ ይሞክራሉና መስመሩ በገዛ ጥረቱ ይታፈናል፡፡ ዩዲፒ ግን የጠፋውን መልሶ የመላኩን ኃላፊነት ለውስጠኛው ግንኙነት ብቻ ይተዋል፡፡

ዘዴው ቢገኝም ሌት ተቀን የሚሠራ ርካሽ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የተመሠረተው ራስፕቤሪ ፓይ ለተማሪዎች የታሰበውን ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒዩተር በ35 ዶላር ለሽያጭ አቀረበ፡፡ ይህች ጥቂት ዋት ብቻ የምትወስድ ሰሌዳ ሊኑክስን ስለምታንቀሳቅስ ብዙዎች የቤታቸው በር ጠባቂ አደረጓት፡፡ ይሁን እንጂ የኔትወርክ መሰኪያዋ ከዩኤስቢው ጋር አንድ መንገድ ይጋራ ስለ ነበር አቅሟ ውሱን ነበር፡፡ ይህ ጉድለት የተወገደው በ2019 በወጣው አራተኛው ሞዴል ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ጄሰን ዶነንፌልድ የሠሩት ዋየርጋርድ በሊኑክስ 5.6 ውስጥ ተካተተ፡፡ ቻቻ20 የተባለው የምስጠራ ስልቱ ልዩ የምስጠራ ክፍል በሌላቸው ርካሽ ፕሮሰሰሮች ላይም ይፈጥናል፡፡ ከሁሉም በላይ ባልደረባውን የሚለየው በአድራሻው ሳይሆን በቁልፉ ነው፡፡ ስለዚህ የቤቱ መስመር ተቋርጦ ሰሌዳዋ ወደ ሞባይል መስመር ብትዞር የውጭ አድራሻዋ ይለወጣል እንጂ በመሿለኪያው ውስጥ ያለው አድራሻዋ አይለወጥም፤ መቋረጡ ካልረዘመ ሥራው ከቆመበት ይቀጥላል፡፡ ብዙ ደንበኞች አንድ አድራሻ በሚጋሩበት መረብ ከውጭ ወደ ቤት መጥራት ስለማይቻል ጥሪው ከቤት መነሣት አለበት፤ መንገዱም እንዳይዘጋ በየ25 ሰኮንዱ ባዶ ፓኬት መላክ የተለመደ ነው፡፡

ይህም ሆኖ መሣሪያዋ የሌለውን መስመር አትፈጥርም፡፡ መብራት ድንገት ሲጠፋ ሥርዓቷን የያዘው የማስታወሻ ካርድ ሊበላሽ ስለሚችል ባትሪና የካርዱ ቅጂ አስቀድመው መዘጋጀት አለባቸው፡፡ ከዚህ የሚከብደው ግን የቁልፉ ጉዳይ ነው፡፡ ቀድሞ በተቆለፈ የማሽን ክፍል ይጠበቅ የነበረው የመሥሪያ ቤቱ መግቢያ ዛሬ በሠራተኛው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ሰሌዳዋን የወሰደ ሰው መግቢያውንም ይወስዳል፡፡ ስለሆነም እያንዳንዱ ሰሌዳ የራሱ ቁልፍ ሊኖረው፣ የጠፋውም ሰሌዳ ቁልፍ በማዕከሉ ወዲያው ሊሰረዝ ይገባል፡፡ በሩ ረክሶ በየቤቱ ሲገባ የዘበኝነቱ ሥራም አብሮ ገብቷልና፣ ይህን ለሠራተኛው ማስተማር የባለሙያው ግዴታ ነው፡፡