ዝናን የሚሸጥ ከተማና የናትናኤል ዌስት መራራ ሣቅ

በቀደሙት ዘመናት ዝና ከሥራ በኋላ የሚመጣ ነገር ነበር። ጀግናው ከዘመተ፣ ባለቅኔው ከተቀኘ፣ አናጺው ካነጸ በኋላ ስሙ ይነሣ ነበር። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ግን በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ሆሊውድ በሚባለው ሠፈር፣ ዝና ራሱ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ይመረትና ይሸጥ ጀመር። ይህን አዲስ ንግድ በልብ ወለድ ከመረመሩት ደራስያን መካከል ናትናኤል ዌስት ልዩ ሥፍራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳተመው «የአንበጣው ቀን» አንባቢን እያሣቀ የሚያስደነግጥ የስላቅ ሥራ ነው።

ዌስት እ.ኤ.አ. በ1903 ኒው ዮርክ ውስጥ ከአይሁዳውያን ስደተኞች ቤተ ሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ በሆቴል አስተዳዳሪነት ሲሠራ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራና ተስፋ ያሳጣቸውን ሰዎች በቅርብ ለማየት ቻለ። ከዚያም እንጀራ ፍለጋ ሆሊውድ ገብቶ የፊልም ጽሑፍ ይጽፍ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1935 የተከራየው ርካሽ ማረፊያ ዕድል የራቃቸው አጃቢ ተዋንያን የሚኖሩበት ነበር፤ የመጽሐፉ ሰዎችም ከዚሁ ዓለም የተቀዱ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊጤን የሚገባው የመጽሐፉ ባለታሪኮች ዝነኞች አለመሆናቸው ነው። ዌስት የመረጠው ከዝና በር ውጭ የቆሙትን ነው። ቶድ ሃኬት በስቱዲዮ ውስጥ የመድረክና የአልባሳት ንድፍ የሚሠራ ወጣት ሠዓሊ ሲሆን ሎስ አንጀለስ በእሳት ስትጋይ የሚያሳይ ሥዕል ያዘጋጃል። ፌይ ግሪነር ከአጃቢነት ያላለፈች፣ ነገር ግን ነገ ኮከብ ለመሆን የምታልም ተዋናይት ናት። አባቷ ሃሪ የቀድሞ የመድረክ ቀልደኛ ነው፤ መድረኩ ከከዳው ወዲህ ራሱ ያዘጋጀውን የብር መወልወያ በየቤቱ እያዞረ ይሸጣል። አንድ ቀን የታመመ መስሎ ሲተውን እውነተኛው ሕመም ይይዘዋል፤ የቱ ትወና የቱ ሕመም እንደ ሆነም ለራሱ ይጠፋዋል። በቀብሩ ዕለት እንኳ የማያውቁት ሰዎች የሚታይ ነገር ይኖር ይሆናል ብለው ይመጣሉ። ሆመር ሲምፕሰን ደግሞ ለጤናው ሲል ከአዮዋ የመጣ፣ ዝምተኛና የዋህ የሆቴል ሒሳብ ሠራተኛ ነው።

የስላቁ ጉልበት ጎልቶ የሚታየው የዋተርሉ ጦርነት በሚቀረጽበት ምዕራፍ ነው። ፈረሰኞቹ አናጢዎች ሠርተው ያልጨረሱትን ኮረብታ ይወጣሉ። እንጨቱ ይሰበራል፤ ሸራው ይቀደዳል፤ ሠራዊቱም ተያይዞ ይወድቃል። ጦርነቱ የማስመሰያ ነው፤ ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው።

ማስመሰሉ ከመዝናኛ አልፎ ይሄድ እንደ ነበር ታሪክም ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1934 ደራሲው አፕተን ሲንክሌር ለካሊፎርኒያ አገረ ገዥነት ሲወዳደር፣ ኤም ጂ ኤም የተባለው ስቱዲዮ እርሱን ለመጣል የተቀነባበሩ «የዜና» ፊልሞችን ሠርቶ በየሲኒማ ቤቱ እንዲታዩ አድርጓል። ሲንክሌርም ተሸንፏል።

በልብ ወለዱ መጨረሻ በአንድ ታላቅ ሲኒማ ቤት አዲስ ፊልም ይመረቃል፤ ኮከቦቹን ለማየትም በሺህ የሚቆጠር ሰው ደጁን ያጨናንቃል። ሆመር ድንጋይ የወረወረበትን ሕፃን ልቡናውን ስቶ ሲረግጥ ሕዝቡ ይነሣበታል፤ ሁከቱም ምክንያቱን ለማያውቁት ሁሉ ይዛመታል። ቶድ እግሩ ተጎድቶ በፖሊስ መኪና ሲወሰድ፣ የሚጮኸው ሳይረኑ ይሁን ራሱ ለአፍታ ግራ ይገባዋል፤ ከዚያም እየሣቀ ድምፁን ያስመስላል።

እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን በአሰልቺ ሥራ ፈጅተው፣ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅመው፣ ፀሐይና ብርቱካን ወዳለበት አገር የመጡ ናቸው። ፀሐዩ ይሰለቻቸዋል፤ ጋዜጣና ፊልም የመገባቸው የፍቅርና የግድያ ወሬም ተራውን ኑሮ አስጠልቷቸዋል። ደራሲው አስቀድሞ ለመጽሐፉ ያሰበው ርእስ «የተታለሉት» የሚል ነበር። አንበጣ በኦሪት ዘጸአት የተነገረ መቅሠፍት ነው፤ መንጋው አዝመራውን ሲያጠፋ ያየ የአገራችን አንባቢም ምሳሌውን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

እንግዲህ ዌስት ሕዝብን ይንቃልን? ጥያቄው ቀላል አይደለም። በመጽሐፉ ውስጥ የተሰበሰበው ሕዝብ ቁጣ እንጂ ንግግር የለውም፤ ከዚህም የተነሣ ነቀፌታው ከፊል እውነት አለው። ሆኖም ዌስት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1933 በተቋቋመው የፊልም ጸሓፊዎች ማኅበር ውስጥ ንቁ ተሳታፊ ነበር። በሆሊውድ ለመብታቸው የሚታገሉትን ቅን ሰዎች በልብ ወለዱ ቢያስገባቸው የመጽሐፉ ዓለም እንደሚፈርስ በደብዳቤ ገልጿል። ይህ ሐሳብ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። በማኅበር የተደራጀውና በሲኒማ ቤት ደጅ የተጋፋው ሰው የአንድ ኢንዱስትሪ ሰለባዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው የበደሉን ስም አውቆታል፤ ሁለተኛው ግን አላወቀውም። ስሙ ያልታወቀ በደልም ያገኘውን ይመታል፤ በልብ ወለዱ የተመታው የዋሁ ሆመር ነው፤ የፊልሙ ባለቤቶች አንዳች አልነካቸውም።

መጽሐፉ በወጣበት ጊዜ የተሸጠው ከ1,500 ቅጂ ያነሰ ነበር። ዌስት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1940 በካሊፎርኒያ በደረሰ የመኪና አደጋ ከባለቤቱ ጋር ሞተ፤ ዕድሜው 37 ነበር። ወዳጁ ደራሲ ስኮት ፊትዝጀራልድ ያረፈው ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። የተሰበሰቡ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ1957 ከታተሙ በኋላ ስሙ ገነነ። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ጆን ሽሌሲንጀር መጽሐፉን ወደ ፊልም ለወጠው፤ ሆሊውድ የተሳለቀበትን ሥራ ራሱ ሸጠው ማለት ነው። ዛሬ ያ የሲኒማ ቤት ደጅ በየሰዉ የእጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ ደጁን የሚያጨናንቀው ሰውም በሚሊዮን ይቆጠራል። ለሥነ ጥበብ ሰውና ለመምህር የሚተርፈው ሥራ፣ ይህ ሕዝብ ምን ተስፋ እንደ ተሸጠለትና ማን እንደ ሸጠለት ማሳየት ነው።