ልምድ የሌለው ሰው ልምድ ከየት ያመጣል?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። የሐራ ልጅ ነው፤ በአካውንቲንግ ተመርቆ ሥራ ፍለጋ ላይ ነው። አሁን «ፓራፕላኒንግ» የሚባል ሥራ ልቡን ስቦታል። ውጭ አገር ያለ የፋይናንስ አማካሪ ደንበኛውን አነጋግሮ መረጃውን ይልካል፤ ፓራፕላነሩ እቤቱ ሆኖ ጡረታውን፣ ኢንሹራንሱን፣ ቁጠባውን አስልቶ የምክሩን ሰነድ ያዘጋጃል። ፊርማው የአማካሪው ነው።

«ቲቸር፣ ሁሉም ልምድ አምጣ ይላል። ሦስተኛ ሰርተፊኬት ልማር ወይ? እናቴን ብር ልጠይቃት ነው» አለኝ።

የታሪክ መምህር ነኝና በታሪክ ልመልስለት።

እ.ኤ.አ. በ1945 የኢትዮጵያ መንግሥት አየር መንገድ ለማቋቋም ቲ ደብሊው ኤ ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ተዋዋለ። በኤፕሪል 1946 የመጀመሪያው በረራ በአስመራ አድርጎ ካይሮ ገባ። ያኔ የሚያበሩትም የሚያስተዳድሩትም አሜሪካውያን ነበሩ። ሐሳቡ ግን ኢትዮጵያውያን አጠገባቸው ሆነው እየሠሩ ቀስ በቀስ እንዲረከቧቸው ነበር። በ1957 አለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከውሉ እስከዚያ 26 ዓመት መሆኑ ነው።

እስቲ የአውሮፕላኑን ጋቢና አስቡት። ካፒቴኑ በግራ፣ ረዳቱ በቀኝ ይቀመጣል። ረዳቱም ያበራል፣ ያሰላል፣ በሬዲዮ ይነጋገራል፤ የመጨረሻው ኃላፊነት ግን የካፒቴኑ ነው። የበረረው እያንዳንዱ ሰዓት በመዝገብ ይሰፍራል። ልምድ ማለት ይሄ ነው፦ እውነተኛ ሥራ፣ የሚያርምህ ሰው፣ የተጻፈ መዝገብ።

ፓራፕላነርም የቀኝ ወንበር ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ልጄ፣ የእናትህን ብር ለጊዜው ተወው። እዚሁ ሐራ ወይም መርሳ ካሉት የቁጠባና ብድር ማኅበራት አንዱ ጋ ሂድና ሒሳቡን ላግዛችሁ በል። ፈቃደኛ የሆነ የአንድ ቤተሰብ ገቢና ወጪ ይዘህ፣ ስማቸውን ሳትጽፍ፣ የአሥር ዓመት እቅድ ሥራ። ምን እንደሠራህ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀብህ፣ ማን ምኑን እንዳረመህ መዝግብ። እውነቱን ለመናገር የሐራ ማኅበር የውጭ አገር የግብርና የጡረታ ሕግ አያስተምርህም፤ ኮርስ የሚያስፈልግህ ለዚያ ነው። ግን መጀመሪያ የምትሠራበትን አገር ምረጥ። ከዚያ መዝገብህን ይዘህ፣ ሥራህን የሚያይልህ አለቃ ባለበት ቢሮ በጀማሪነት አመልክት። «ልምድ እንሰጥሃለን፣ ክፈል» ከሚልህ ራቅ።

እኔም ለማስተማር ልምምድ መጀመሪያ ክፍል ስገባ ጠመኔው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከኋላ የተቀመጠው መምህር ስህተቶቼን በአንዲት ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ዲፕሎማዬ ሥራ አስቀጠረኝ፤ መምህር ያደረገችኝ ግን ያቺ ወረቀት ናት።

እናንተስ፣ የመጀመሪያ ስህተታችሁን ያረመላችሁ ማን ነበር? ጻፉለት፤ ያነበዋል።